ወይዘሮ የተባለችው ማን ነበረች?

ባለፈው ሰሞን አክስቴን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጉዳዩ ተራ ነው። ፎርም መሙላት፣ ፎቶ መለጠፍ፣ ማኅተም ማስመታት። ወረፋው ግን ግማሽ ቀን በላ። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ወይዘሮ ልበልዎት ወይዘሪት?»

አክስቴ ስልሳን አልፋለች። አላገባችም። እንደዚያው ብላ መለሰች። ልጅቷም ሳታመነታ «ወ/ሪት» ብላ ጻፈች። አክስቴ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «በዚህ ዕድሜዬ ልጃገረድ አደረገችኝ እኮ» አለችና በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ነገሩ አልለቀቃትም። «ቆይ፣ ወይዘሮ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። «ያገባች ሴት» አልኳት። «እኔ የተማርኩበት ወይዘሮ ስሂንሳ? ደሴ ያለው? ትምህርት ቤት የተሰየመላት ባል ስላገባች ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን ልክ ቦታው ላይ ነው ያረፈው።

ወይዘሮ ስሂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ባላቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ነበሩ። ልጃቸው ደግሞ መነን አስፋው፣ በኋላ እቴጌ መነን የተባሉት። እንግዲህ በደሴው ትምህርት ቤት በር ላይ የተጻፈው «ወይዘሮ» ባል ማግባትን አይናገርም። የዘር ማዕረግ ነው። «ይቺ ሴት ከላይ ነው የተወለደችው» ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳምን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ምኒልክ ቤት ግቡ። ዐፄ ምኒልክ ሸዋረጋና ዘውዲቱ የተባሉ ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። የንጉሠ ነገሥት ልጆች ናቸው። ዛሬ ብንሆን «ልዕልት» እንላቸው ነበር። በዘመናቸው የተጠሩት ግን «ወይዘሮ ሸዋረጋ» እና «ወይዘሮ ዘውዲቱ» ተብለው ነው። ለንጉሠ ነገሥት ልጅ የሚበቃ ቃል ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ደረሰኝ ላይ ታትሞ ይመጣል።

የወንዶቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የሸዋረጋ ልጅ «ልጅ ኢያሱ» ነው የተባለው። «ልጅ» እዚያ ላይ ሕፃን ማለት አይደለም፤ የመሳፍንት ልጅ የሚጠራበት ማዕረግ ነው። «አቶ»ም እንዲሁ። ድሮ የነገሥታት ዘር የሆነ ወንድ «አቤቶ» ይባል ነበር። ቃሉ በምላስ ላይ እየሾለ ሄዶ «አቶ» ሆነ ይባላል። ዛሬ አቶ የማይባል ወንድ የለም። አቶና ወይዘሮ አንድ ላይ ከግቢ ወጥተው፣ አንድ ላይ ቀበሌ የገቡ ናቸው።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ? «ወይ ዘሯ!» ከሚል አድናቆት ነው የሚሉ አሉ። ለጆሮ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን አልገዛውም። አንድን ቃል በጥሶ ከየቁራጩ ትርጉም ማውጣት የኛ ሰው የቆየ ጨዋታ ነው። ዕድሜውን የሚያሳየኝ ይልቅ የብዙ ቁጥሩ ነው። አንዷ ወይዘሮ ናት፤ ሲበዙ ወይዛዝር ወይም ወይዛዝርት ይሆናሉ። ጎበዝ ሲበዛ ጎበዛዝት እንደሚሆነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው አበዛዝ የድሮ ነው፤ ዛሬ የሚፈጠር ቃል ሁሉ «ኦች» ጨምሮ ያልፋል። በጥንት ጽሑፍም ግብር ሲበላ፣ ዘውድ ሲጫን «መኳንንቱና ወይዛዝርቱ» ተሰበሰቡ ይባላል። ወይዛዝርቱ የመኳንንቱ ሚስቶች ብቻ አይደሉም። በራሳቸው ዘር፣ በራሳቸው ርስት የቆሙ ሴቶች ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ከፍ ያለ ቃል እንዴት ወረደ?

አንደኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። ወይዘሮነት የሚመጣው በደም ነው። ደም ደግሞ በእናትም በአባትም ይቆጠራል። አንድ ንጉሥ አምስት ልጅ ቢወልድ፣ እነሱም አምስት አምስት እየወለዱ ቢቀጥሉ፣ በአምስተኛው ትውልድ 3,125 ሰው ይሆናል። ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1262 ዓ.ም ወዲህ፣ የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉት ነገሥታት ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል ቆይተዋል። አስቡት እንግዲህ። በየአውራጃው የንጉሥ የልጅ ልጅ የልጅ ልጅ የምትሆን ሴት አለች። የዘር ሐረጓን ቆጥራ ታሳያችኋለች። ደግሞም ልትዋሽ ላትዋሽም ትችላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሰው ሲጠራ ከልኩ ትንሽ ከፍ አድርጎ መጥራት ጨዋነት ነው። ሳታውቅ ዝቅ አድርገህ ከምታስቀይም፣ ሳታውቅ ከፍ ብታደርግ ይሻላል። መርካቶ ውስጥ ዛሬ «ማሚ» የማትባል ሴት አለች? ሻጩን አልወለደችውም። ግን ይጠራታል፤ እሷም ዞር ትላለች። ወይዘሮም እንደዚያው ነው የሆነው። መጀመሪያ ለባላባት ሚስት ተሰጠ፤ ቀጥሎ ለሹሙ ሚስት፤ ቀጥሎ ለነጋዴው ሚስት።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤት መጣ። ፓስፖርት፣ ጋዜጣ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የባንክ ደብተር። ፈረንጆቹ ያገባችውን በአንድ ቃል፣ ያላገባችውን በሌላ ቃል ይጽፋሉ። እኛም ሁለት ቃል ፈለግን። ወይዘሮ ያገባችዋ ሆነች። ላላገባችዋ «ወይዘሪት» ተበጀላት። «ኢት» አሮጊትና ሙሽሪት ላይ ያለችው የአንስታይ ምልክት ናት። ወይዘሮ ግን ድሮውንም አንስታይ ነበረች። ስለዚህ «ኢት» እዚህ ላይ ሴት አታደርግም፤ ታሳንሳለች። ትንሿ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት። አክስቴ በስልሳ ዓመቷ ያሳቃት ይኸው ነው። ወንዱ በሃያም በሰማንያም፣ ቢያገባም ባያገባም፣ አቶ ነው።

ቃሉ ወደ ታች ሲሰፋ ግቢው ባዶ እጁን አልቀረም። አዲስ አጥር አጠረ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለንጉሠ ነገሥቱ ሴቶች ልጆች «ልዕልት» መጣ። ከግዕዝ ነው፤ ልዑል ከፍ ያለ፣ ልዕልት ከፍ ያለች። ከዚያ በታች «እመቤት ሆይ»፣ «እመቤት»፣ «ወይዘሮ ሆይ» እየተባለ ይወርዳል። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በወቅቱ ግቢ ያደገ ሰው ብቻ ነው አጥርቶ የሚያውቀው። እኔን የምትገርመኝ «ሆይ» ናት። ሆይ መጥሪያ ናት። «ጌታ ሆይ»፣ «አገሬ ሆይ» እንደምንለው። ሰው ፊት ቆመህ የምትጮኻት ቃል ስም ላይ ተለጥፋ ማዕረግ ሆነች። «ጃንሆይ» ላይ ያለችውም እሷው ናት። ወይዘሮ የሚለው ቃል ብቻውን ስለረከሰ፣ ሆይ ተጨምሮበት እንደገና ተወደደ። ብር ሲረክስ ዜሮ እንደሚጨመርበት ማለት ነው።

ከልዕልቶቹ ሁለቱን አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ እንጠራቸዋለን፤ አብዛኞቻችን ሳናውቅ። የኛ ታክሲ ሜክሲኮ ስትደርስ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ይላል። ከጀርባው ሌላው «ጦር ኃይሎች! የሞላ!» ይላል። ዘነበወርቅ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው፤ ገና በወጣትነታቸው አረፉ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል «ልዕልት ዘነበወርቅ» ተብሎ ተሰየመ። ሆስፒታሉ ዛሬ አለርት ነው፤ ሰፈሩ ግን ዘነበወርቅ እንደሆነ ቀረ። ጦር ኃይሎች ያለው ሆስፒታል ደግሞ «ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ» ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት የተማሩ ናቸው። በ1934 ዓ.ም አረፉ። አብዮቱ ሲመጣ ሆስፒታላቸው የጦር ኃይሎች ሆነ። ከሁለቱ እኅትማማቾች አንዷ ማዕረጓን ብቻ ተገፈፈች፣ ሌላዋ ማዕረጓንም ስሟንም።

ይሄን ሁሉ ስል አንድ ቃል ሆን ብዬ ዘልያለሁ። እቴጌን።

እቴጌ አልወረደችም። ሰፈር ውስጥ እቴጌ የምትባል ብትኖር ለቀልድ ነው። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሚስት ስትመጣ ባልየው «እቴጌ መጡ፣ ተነሱ» ሊል ይችላል። ከዚያ ያለፈ የለም። ለምን? ወይዘሮነት በደም ስለሚገኝ እንደ ደም ይበዛል። እቴጌነት ግን የሚገኘው በዘውድ ነው። ዘውዱ ደግሞ አንድ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት መሆን ብቻውን እንኳ አይበቃም፤ ዘውድ መጫን አለ።

ጣይቱን ተመልከቱ። ምኒልክን በ1875 ዓ.ም ሲያገቡ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ስለዚህ ጣይቱ እቴጌ አልሆኑም። ከእሳቸው በፊት ከምኒልክ ጋር ብዙ ዓመት የኖሩት ባፈናም እስከ መጨረሻው ወይዘሮ ባፈና ነበሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ያን ቀን ግን ጣይቱ ገና ናቸው። ዘውዱ ለእሳቸው የተጫነው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 27 ነው። ያኔ «እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ሆኑ። የሁለት ቀኗ ክፍተት ቀላል አይደለችም። የንጉሡ ቀን የንጉሡ ነው፤ የእቴጌዋ ዘውድ ከባሏ ዘውድ ይቀዳል። በ1923 ዓ.ም ጥቅምት 23 ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ግን መነን አስፋው በዚያው ቀን፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ለግቢ ሰው ትንሽ አይደለም።

የቃሉ ትርጉምስ? መነሻዋ «እት» ናት፤ እኅት ማለት ነው። እታገኝ፣ እታፈራሁ የሚባሉ ሴቶች ስም ውስጥ ያለችው እት። ጎረቤታችሁን «እትዬ» ስትሏት የምትጠሯት እት። ሁለተኛዋ ክፍል «ጌ» ላይ ነው ክርክሩ። ጌ በድሮ አነጋገር አገር ማለት ነው፣ ስለዚህ እቴጌ «የአገር እኅት» ናት የሚለው ማብራሪያ ይሰማል። እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ። ሐረሮች እስከ ዛሬ ከተማቸውን ጌ ነው የሚሏት፤ ቋንቋቸውም ጌይ ሲናን፣ የከተማዋ ቋንቋ ነው። የመነኮሳቱ አለቃ ማዕረግ «እጨጌ»ም በዚሁ ጌ ነው የሚያልቀው። ልብ በሉ፣ «የንጉሥ ሚስት» የሚል ነገር ቃሉ ውስጥ የለም። እኅት ነው ያለው። ሚስት ልትፈታ ትችላለች፤ እኅት አትፈታም።

ከእቴጌ በፊትስ ግቢው የንጉሥ ሚስቶችን ምን ይል ነበር? በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1426 እና በ1460 ዓ.ም መካከል፣ «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» የሚባሉ ማዕረጎች ነበሩ። እንደ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ማለት ነው። በዓልት በግዕዝ እመቤት፣ ባለቤት ናት። የሐድያዋ ልጅ እሌኒ ቀኝ በዓልቲሐት ተብለው ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ነገሥታት ሲያልፉ ኖረው፣ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሩን ካስተዳደሩት ዋናዋ እሳቸው ነበሩ። ወደ ፖርቱጋል ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ የላኩትም እሳቸው ናቸው። በዓልቲሐት ዛሬ ሞቷል። ባልቴት ግን ከዚያው ቤተሰብ ይመስለኛል። ከሆነ ከወይዘሮም የባሰ አወዳደቅ ነው የወደቀው። ከንግሥትነት ምድጃ ዳር ቁጭ እስከማለት።

ወደ እቴጌ ልመለስ። ቃሉ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚያሳዩ ሦስት ሴቶች አሉ።

የመጀመሪያዋ ምንትዋብ ናቸው። የቋራ ሰው። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነው። ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጫኑ፤ ስመ መንግሥታቸውም «ብርሃን ሞገሳ» ተባለ። ልጃቸው ሞቶ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሥም እቴጌነቱን አልለቀቁም። የኢዮአስ እናት ውቢት «አሁን የንጉሥ እናት እኔ ነኝ» ማለቷ አልቀረም። አንድ ዙፋን፣ ሁለት እናት። ጠቡ ጎንደርን ከፍሎ ራስ ሚካኤል ስሑልን እስከ መጋበዝ አደረሰ። ምንትዋብ በመጨረሻ እዚያው ጎንደር አጠገብ ባሠሩት ቁስቋም ተቀመጡ። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው ሥዕላቸውን አይቷል። ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ ከነሐር ልብሳቸው። እቴጌ ብትሆኚም እዚህ ጋ ትደፊያለሽ የሚል ይመስላል። ያሠሩት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሥዕሉ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ሲገባ ምንትዋብ አሉ። ተገናኝተዋል። በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ግን ምንትዋብ ከማለት ይልቅ «ኢቴጌ» እያለ ነው የሚጽፋቸው። አንባቢው ስማቸው ኢቴጌ ይመስለዋል። ይሄ ስሕተት ደግሞ ዘመድ አለው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ጃንደረባው «ህንደኬ የተባለች የኢትዮጵያ ንግሥት» አዛዥ ነው ይላል። ህንደኬ ስም አይደለም። ካንዳኬ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ በምትገኘው በመሮዌ የንግሥቶች ማዕረግ የነበረ። አማኒሬናስ፣ አማኒሻኬቶ፣ አማኒቶሬ ሁሉም በዚያ ማዕረግ ነበሩ። ከሮማውያን ጋር የተዋጋችው አማኒሬናስ ናት ይባላል። የቄሣር አውግስጦስ የነሐስ ሐውልት ራስ ተቆርጦ መሮዌ ድረስ ተወስዷል፤ የቤተ መቅደስ ደጃፍ ሥር ተቀብሮ ነው የተገኘው። የገባ ሁሉ እንዲረግጠው። ማዕረጉ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ስም ሆነና ፈረንጆች ዛሬ ልጆቻቸውን «ካንዲስ» ይላሉ።

ሁለተኛዋ የምወዳት ታሪክ ናት። መነን ሊበን። እቴጌ መነን ሲባል ሁላችንም የምናስበው የኃይለ ሥላሴን ባለቤት ነው፤ ከእሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ግን ሌላ እቴጌ መነን ነበሩ። የወሎው የሊበን አመዴ ልጅ፣ የራስ ዓሊ እናት። ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት አሻንጉሊት ነው፤ የሚያዘው ደብረ ታቦር ያለው ራስ ዓሊ ነው። መነን የሚያዘው ሰው እናት ናቸው። ሠራዊት አላቸው፣ ግዛት አላቸው። የጎደላቸው አንድ ቃል ነው። ለዚያች ቃል ሲሉ ዐፄ ዮሐንስ ሦስተኛን አገቡ። ባል ፈልገው አልነበረም። ሲያሻው ራስ ዓሊ የሚሽረውና የሚመልሰው ንጉሥ ምን ያደርግላቸዋል? እቴጌ ያሰኛቸዋል እንጂ። ዙፋኑ ባዶ በሆነበት ዘመን እንኳ ማዕረጉ ዋጋ ነበረው። በ1839 ዓ.ም ከቋራው ካሳ ጋር ደንቢያ ላይ ሲዋጉ ጭናቸውን ቆስለው ተማረኩ። ካሳ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ነው። የማረካት ሴት የገዛ ሚስቱ የተዋበች አያት ናቸው።

ሦስተኛዋ ዘውዲቱ፣ እቴጌ ያልተባሉት። በርካታ ሰው «እቴጌ ዘውዲቱ» ሲል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ሲጫንላቸው ማዕረጋቸው «ንግሥተ ነገሥታት» ነው። እቴጌ የንጉሠ ነገሥት ሚስት ናት፤ ዘውዲቱ የማንም ሚስት ሆነው አልነገሡም። በአባታቸው ዙፋን ነው የተቀመጡት። ደግሞም እቴጌዋ ጣይቱ ያኔ በሕይወት አሉ፤ ያረፉት በ1910 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥት የሚለው ቃል ራሱ ወደ አንስታይ ተለወጠ። ንጉሥ ንግሥት ሆነ፣ ነገሥታት እንዳሉ ቀሩ። የነገሥታት ንግሥት።

አንድ ችግር ግን ነበር። ባል አላቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የጣይቱ የወንድም ልጅ። የንጉሠ ነገሥት ሚስት እቴጌ ናት። የንግሥተ ነገሥታት ባልስ? ቃል የለም። በአማርኛም በግዕዝም የለም። ቃል ብቻ ሳይሆን ቦታም አልተገኘለትም፤ ራስ ጉግሣ ከአዲስ አበባ ርቀው ወደ ጎንደር አገር እንዲገዙ ተደረገ። ባልና ሚስት ተለያዩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥተ ነገሥታቷም አረፉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ዙፋኑ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲሆን ጻፈ። ንግሥተ ነገሥታት የሚለው ማዕረግ አንድ ሴት ላይ ተነሥቶ እዚያው አንዷ ላይ አበቃ።

እቴጌ መነን በ1954 ዓ.ም አረፉ። ከእሳቸው በኋላ እቴጌ የለም። መጋቢት 1967 ዓ.ም ደርግ ዘውዱን ሲሽር ማዕረጎቹንም አብሮ ሻረ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም የካቲት 12 ተባለ። ልዕልት፣ እመቤት ሆይ፣ ወይዘሮ ሆይ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ከወረቀት ጠፉ። «ጓድ» መጣ፤ እሱም ሄደ። ዛሬ ከፍ ላለችው ሴት «ክብርት» እንላለን፤ ክብርት ሚኒስትር፣ ክብርት ፕሬዝዳንት። ልዕልት የሕፃን ማቆላመጫ ሆናለች። ወይዘሮን ግን ደርግም አልነካትም። ምን ብሎ ይነካታል? ያን ጊዜ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ወይዘሮ ነበረች።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ታክሲ ውስጥ አልነገርኳትም፤ ግማሹን ያነበብኩት በኋላ ነው። በሳምንቱ ለዚያው ጉዳይ ተመለስን። ፎርሙ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር። ያቺው ልጅ ናት።

«ሥራ ምን ልበልዎት፣ እማማ?»

«ምንም አልሠራም፤ ቤት ነው የምውለው።»

«እሺ» አለችና ጻፈች። ቀና ብዬ አየሁት። «የቤት እመቤት» ይላል። እመቤት፣ እመ ቤት፣ የቤት እናት። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጆች ይጠሩበት የነበረ ቃል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ወርኃዊ ገቢ፦ የለም»።

አክስቴ መነጽሯን አውጥታ አነበበችውና ፈረመች።